ክብደቱ ወረደ፤ የደም ሥሩስ?

እ.ኤ.አ. በ2008 ሃይፐርቴንሽን በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አነስተኛ ጥናት ወጣ። በሚልዋኪ ከተማ የሚገኘው የዊስኮንሲን ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸውን፣ ከዚያ ውጭ ግን ጤነኛ የሆኑ 20 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ቅባቱ የተቀነሰ ምግብ ታዘዘለት። ሌላው ቡድን በቀን 20 ግራም ብቻ ካርቦሃይድሬት ያለው፣ ሥጋና ስብ የበዛበት ምግብ እንዲበላ ተደረገ። ስድስት ሳምንት ሲሞላ የሁለቱም ቡድኖች ክብደት ቀንሷል፤ የሁለቱም የደም ግፊት ወርዷል። እስከዚህ ድረስ መንገዶቹ ያው ይመስሉ ነበር። የደም ሥራቸው ሲለካ ግን ነገሩ ተለያየ፤ ቅባት የቀነሱት ሰዎች የደም ሥር ከበፊቱ በተሻለ መስፋት ሲጀምር፣ እህል የተዉት ሰዎች የደም ሥር የመስፋት አቅም ከመነሻውም በታች ወረደ።

ሃያ ሰው ጥቂት ነው፤ ስድስት ሳምንትም አጭር ነው። ጥያቄው ግን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየጂሙ፣ በየውበት ሳሎኑና በየቲክቶኩ ከሚወራው ወሬ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እንጀራ ካቆመ ወዲህ አሥር ኪሎ እንደቀነሰ የሚናገር ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ቁርስ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል፣ ምሳ ያለ እንጀራ ክትፎ ወይም ጥብስ፣ ማታ አይብና አቮካዶ፤ ኬቶ የሚባለው፣ ካርቦሃይድሬት እጅግ የሚቀነስበት ዳይት በአገራችን በአመዛኙ ይኸው ነው። ሰሚውም የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ወረደልሽ?" ብሎ ነው። የደም ግፊቱን፣ የወገቡን ዙሪያ፣ የኮሌስትሮሉን ነገር የሚያነሳ እምብዛም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚህ ይነሳል። ከልክ ያለፈ ውፍረትን መቀነስ ተገቢ ነው፤ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩትም ክብደት ሲቀንስ በአብዛኛው የደም ሥርም ይሻሻላል። ነገር ግን ወፍራም ሰውን ለልብ ድካምና ለስትሮክ የሚዳርገው በአመዛኙ የደም ሥሩ መጎዳት ስለሆነ፣ አንድ ዳይት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚባለው ለደም ሥር ባደረገው ነገር ጭምር ተመዝኖ መሆን አለበት። በዚህ መለኪያ ከታየ በሰሜን ሸዋ ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ማሳ የሚያበቅለው እህል፣ ከባሕር ማዶ በስልክ ከሚመጣው የዳይት ዝርዝር የተሻለ ነገር አለው።

ጉዳዩ የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው በ2016 ጥናት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። አንድ አገር ረሃብንም ቦርጭንም በአንድ ጊዜ ተሸክማለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው፤ አብዛኞቹም ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ "ቀንስ" የሚለው ምክር ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። በዚያው በሰሜን ሸዋ የይፋት ገበሬ ዓመቱን ሙሉ በቂ ምግብ ማግኘት ነው የሚያሳስበው። ምክሩ የሚመለከተው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለውን፣ በመኪና ሄዶ በመኪና የሚመለሰውን፣ ሱሪው በየዓመቱ የሚጠብበትን ከተሜ ነው።

የደም ሥር ሲታይ ደም የሚያልፍበት ቱቦ ብቻ ይመስላል። ይህን አመለካከት ከቀየሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ፈርችጎት ነው። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ሴሎች የተሸፈነ ነው። ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው ሥራው ከጥንቸል የተወሰደ የደም ሥር ላይ ይህ ስስ ሽፋን ከተፋቀ፣ ደም ሥሩ ላላ በል የሚለውን መልእክት እየተቀበለ መላላት እንደሚያቅተው አሳየ። ሽፋኑ ራሱ የደም ሥሩን ጡንቻ የሚያላላ ነገር ያመነጫል ማለት ነው። ያ ነገር ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በዚህ ዘርፍ ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ጤነኛ ሽፋን ደም ሥሩ እንደ አስፈላጊነቱ እንዲሰፋ ያደርጋል፤ ደም እንዳይረጋና ስብ ግድግዳው ላይ እንዳይለጠፍም ይከላከላል። ውፍረት፣ በተለይም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ ይህን ሥራ ያውካል። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ክምችት ሳይሆን ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝም ያደርጋል። በዚህ የተነሳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ደም ሥር ይደድራል፣ ግፊት ይነሳል። ሰውየው ግን አንዳች ሕመም ላይሰማው ይችላል።

ይህን ጉዳት ገና ሳይብስ ለማየት የሚረዳ ምርመራ አለ፤ የሚልዋኪዎቹ ተመራማሪዎችም የተጠቀሙት እሱን ነው። ተመርማሪው በጀርባው ይጋደማል። የክንዱ ደም ሥር በአልትራሳውንድ ታይቶ ስፋቱ ይመዘገባል። ከዚያ የግፊት መለኪያው ጨርቅ እጁ ላይ ታስሮ፣ ደም እስኪቆም ድረስ ተነፍቶ ለአምስት ደቂቃ ይቆያል። ጨርቁ በድንገት ሲለቀቅ የታገደው ደም እየገፋ ይመጣል። ጤነኛ ሽፋን ይህን ግፊት ሲሰማው ናይትሪክ ኦክሳይድ ለቆ ደም ሥሩን ያሰፋዋል፤ የተጎዳው ግን ባለበት ይቀራል ወይም ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ከዓመታት በኋላ ማን ለልብ በሽታ ሊጋለጥ እንደሚችል ይጠቁማል።

የሚልዋኪው ውጤት ብቻውን አልቀረም። በአውስትራሊያ አዴሌድ ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 49 ወፍራም ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። እህል እጅግ የቀነሱትም ቅባት የቀነሱትም በአማካይ ከአሥር ኪሎ በላይ ወርዶላቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ግን እህል የቀነሱት ሰዎች የደም ሥር የመስፋት አቅም ከመነሻው አንሶ ተገኘ፤ ቅባት የቀነሱት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

የተለየ ነገር ያገኙም አሉ። በአሜሪካ ኮነቲከት የተደረገና በ2009 የወጣ ጥናት፣ ለ12 ሳምንት ካርቦሃይድሬት የቀነሱ ሰዎች ከምግብ በኋላ የሚለካው የደም ሥራቸው ሁኔታ መሻሻሉን ዘግቧል። በእስራኤል ዲሞና ከተማ 322 ሰዎች ለሁለት ዓመት በሦስት የተለያዩ ዳይቶች ተከፍለው ነበር፤ ቅባት የቀነሰ፣ የሜዲትራኒያን ዓይነትና ካርቦሃይድሬት የቀነሰ። ከእነሱ በከፊሉ ላይ የአንገት ደም ሥር ግድግዳ ሲለካ በሦስቱም ቡድኖች መጠነኛ መሳሳት ታይቷል፤ መሳሳቱም ከሁሉ በላይ ከደም ግፊት መውረድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ "እህል የተወ ሁሉ የደም ሥሩ ይጎዳል" ብሎ መደምደም አይቻልም። በዲሞናው ጥናት ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ሰዎች ቅባታቸውንና ፕሮቲናቸውን ከዕፅዋት እንዲያገኙ ይመከሩ እንደነበር ግን መረሳት የለበትም። ቅቤ ላይ የተመሠረተና ለውዝና አቮካዶ ላይ የተመሠረተ ዳይት በስም አንድ ቢሆኑም የሚያደርጉት ነገር ይለያያል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ምንድን ነው? ሰው እህል ሲተው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚተወው፣ በምትኩም የሚያስገባው ነገር ወሳኝ ነው። ባቄላ፣ ምስርና ገብስ ሲወጡ አሰሩ (ፋይበሩ) አብሮ ይወጣል፤ ቅቤና የሰባ ሥጋ ሲገቡ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚጨምረው የረጋ ስብ ይገባል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ዳሽ የተባለ ጥናት፣ 459 ሰዎች ክብደታቸው እንዳይለወጥ እየተደረገ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ቅባቱ የወጣለት ወተት ሲመገቡ ምን እንደሚሆን አየ። ከፍተኛ የደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው የግፊት ቁጥር በ11 ነጥብ ገደማ ወረደ። አንድም ኪሎ መቀነስ ሳያስፈልግ ነው ይህ የሆነው።

ኪሎ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ትልቅ ሥራ አለ። ሉክ አሄድ የተባለው የአሜሪካ ጥናት የስኳር ሕመም ያለባቸውን 5,145 ወፍራም ሰዎች ለአሥር ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በምግብና በእንቅስቃሴ ጥብቅ ክትትል የተደረገለት ቡድን ከሌላው ይበልጥ ክብደት ቀንሷል፤ የአባላቱ ስኳርና ግፊትም ተሻሽሏል። በልብ ድካምና በስትሮክ ቁጥር ግን ከሌላው ቡድን ልዩነት ስላልታየ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ይህ ማለት ክብደት መቀነስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የጉልበት ሕመም ይቀንሳል፣ የመገጣጠሚያን ጫና ያቀልላል፣ እንቅልፍ ያሻሽላል። የልብን ነገር ግን ለሚዛኑ ብቻ ትቶ መተኛት አይቻልም።

የሸዋ ሮቢትና የይፋት ሰው ይህን ነገር ያለ ላቦራቶሪ ማየት ይችላል። ሸዋ ሮቢት በትምባሆ እርሻ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ በአካባቢውም ጫት ይበቅላል፣ ይቃማል። ትምባሆም ጫትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋሉ። ቃሚውም አጫሹም ከሲታ ሆነው መታየታቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምት ያፋጥናል፣ ደም ሥር ያጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል። ሲጋራ ደግሞ ያንን ስስ የውስጥ ሽፋን በቀጥታ ይጎዳዋል። በኪሎ ብቻ ቢፈረድ ሁለቱም ሱሶች የተሳካ ዳይት ተብለው ሊመዘገቡ ነው።

ወደ ምግቡ ሲመጣ ግን አካባቢው የሚያኮራ ነገር አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በር ከፍታ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ ያልፍና እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። አውቶቡስ እዚያ ቆም ባለ ቁጥር ቆሎ ሻጮች መስኮቱ ሥር ይደርሳሉ። የተፈተገ የገብስ ቆሎ፣ አንዳንዱ ሱፍ ወይም ለውዝ የገባበት፣ በብርጭቆ እየተሰፈረ ወደ ላይ ይሰጣል። ተሳፋሪው እስከ ደሴ እየቆረጠመ ይሄዳል። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር አለው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ይወፍርና ከኮሌስትሮል የሚሠራውን የሐሞት አሲድ ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም ምትኩን ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ የአሜሪካም የአውሮፓም የምግብ ተቆጣጣሪዎች ተቀብለው፣ አምራቾች በማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉት ፈቅደዋል። በእርግጥ ቆሎም ካሎሪ አለው፤ ጨው በዝቶበት ወይም በኪሎ የሚቆረጠም ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ደጋው በአጭር ርቀት ወደ ቆላ ይለወጣል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማሾ የተባለው ጥራጥሬ አለ። ማሾ ከ100 ግራም ደረቅ ፍሬው ውስጥ 24 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 16 ግራም ያህሉ አሰር ነው። ፖታሲየምና ፎሌትም አለው፤ ፖታሲየም ጨው በግፊት ላይ የሚያደርሰውን ጫና ያለዝባል። የሚያስቆጨው ግን ይህ ጥራጥሬ በብዛት የሚመረተው ለሽያጭ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል አልፎ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ በአምራቹ ገበታ ላይ የሚገባውን ቦታ አላገኘም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ስሙን የማያውቀው ብዙ ነው። ለኬቶ ብሎ ክትፎ ላይ የወር ደሞዙን የሚያፈስ ሰው፣ በዚያ ገንዘብ ማሾ ቢገዛ ቤተሰቡን ለወራት ይቀልባል።

እዚህ ላይ ጾም ይነሳል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናት ደግሞ እስከ 250 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክለው ይጾማሉ። ጾም ለነፍስ ተብሎ የሚደረግ ሃይማኖታዊ ተግባር ነው፤ ዳይት ብሎ ማውረድ ተገቢ አይሆንም። ሥጋዊ ውጤቱ ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በግሪክ ቀርጤስ ደሴት 60 የኦርቶዶክስ ጿሚዎችንና 60 የማይጾሙ ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ በጿሚዎቹ ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኮሌስትሮል በጾም ወቅት ከ12 በመቶ በላይ መቀነሱን መዝግቧል። የግሪኮች ጾም ከእኛ የሚለይበት ነገር አለ፤ የባሕር ዛጎሎችና የወይራ ዘይት በገበታቸው ላይ አሉ። ቢሆንም ሥጋና ቅቤ ወጥተው ጥራጥሬና አትክልት ሲገቡ የደም ቅባት እንደሚወርድ የሚያሳየው ነገር ለእኛም ይሠራል።

ነገር ግን ጾም ሁሉ የምስርና የጎመን ገበታ አይደለም። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ጠዋት ቦንቦሊኖ፣ ከሰዓት ችብስና ሳምቡሳ፣ ከእነሱ ጋር ለስላሳ፤ ይህ ሁሉ ጾም አያስገድፍም፣ ለደም ሥር ግን ከፍስክ የከፋ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ችግር የሚመጣው በመፍቻው ቀን ነው። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ በቅቤ፣ ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ቀትር ላይ ክትፎ ይቀርባል። በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሥር ጤነኛ ሰዎችን 50 ግራም ስብ ያለበት አንድ ቁርስ ብቻ አብልተው የክንዳቸውን ደም ሥር ሲለኩ፣ የመስፋት አቅሙ ለሰዓታት ያህል ወርዶ አገኙት። ካሎሪው እኩል የሆነ ስብ አልባ ቁርስ ግን ያንን አላደረገም። ጉዳቱ ለጤነኛ ሰው ያልፋል። ቀድሞውኑ ደም ሥሩ ለጠበበ፣ ግፊት ላለበት አባወራ ግን የበዓሉ ገበታ መጠን ቀልድ አይደለም። ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ነውና በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ለሚደረደረው ዘይት የጠገበ ሳምቡሳም ቃሉ ያው ነው፤ ቴምርና ሾርባው በቂ ጅማሬ ነበር።

ዘይት ከተነሳ ደግሞ ተጠያቂው በላተኛው ብቻ አይደለም። ለዓመታት በመንግሥት ድጋፍ ጭምር ከውጭ እየገባ በየሸማቹ ማኅበሩ ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። የአገራችን ኑግ ዘይት በአንጻሩ አብዛኛው ያልረጋ፣ ለደም ሥር የሚሻል ቅባት ነው። ድሃው ፓልም የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው እንጂ መርጦ አይደለም። ጨውም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ሲመክር፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ2015 ጥናት የኢትዮጵያውያንን አማካይ 8.3 ግራም አድርሶታል። በስኳር በኩል አንድ እርምጃ ተወስዷል፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በለስላሳ መጠጦች ላይ ግብር ጥሏል። የኑግ ዘይት ዋጋ ግን ሰሚ አላገኘም።

ለእንጀራ የሚቆረቆር ሁሉ ትክክል ነው ማለትም አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ የደም ስኳሩ ቶሎ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ ለብዙዎችም ጠቃሚ ነው። በአንድ ቁጭታ ሦስት እንጀራ የሚጨርስ፣ በመካከል ፓስታና ነጭ ዳቦ የሚጨምር ሰውም መጠኑን ሊቀንስ ይገባዋል። ክርክሩ የሚነሳው እህሉን ቀንሶ የሚተካው ነገር ላይ ነው። ግማሹን እንጀራ በጎመን፣ በቀይ ሥር፣ በምስርና በማሾ የተካ ሰውና በቅቤ የተካ ሰው ሚዛን ላይ እኩል ሊወርዱ ይችላሉ፤ የደም ሥራቸው ግን እኩል ላይሆን ይችላል።

አመጋገብ ሲለወጥ ምን እንደሚከተል ከራሳችን ወገን የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ቀጭን ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። የአገሪቱ ሐኪሞች በተከታታይ እንደመዘገቡት፣ ነጭ ዳቦው፣ ስኳሩና መቀመጡ ሲለመድ ክብደታቸውም፣ ግፊታቸውም፣ ስኳር የያዛቸው ሰዎች ቁጥርም ጨመረ። የሰዎቹ ዘር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበታውና ኑሮው ነው። ዛሬ ያው ለውጥ ባሕር ሳያሻግር ከገጠር ወደ ከተማ በሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ እየሆነ ነው።

በዓለም ላይ እየገነነ የመጣው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት እንኳ በኪሎ ብቻ አልተመዘነም። ሴማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት 17,604 የልብና የደም ሥር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ የልብ ድካምን፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን በድምሩ በ20 በመቶ እንደቀነሰ ታይቷል። መድኃኒት ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ በጂም አሠልጣኝ ወይም በስልክ ቪዲዮ የሚሸጥ የምግብ ዕቅድም መጠየቅ አለበት። ዳይት ሻጩ "በወር ይህን ያህል ኪሎ" ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ገዢው በሦስት ወር ውስጥ ግፊቱና መጥፎው ኮሌስትሮል የት እንደደረሰ ይጠይቅ።

መለኪያው ውድ አይደለም። ያ የክንድ አልትራሳውንድ ምርመራ የተመራማሪ መሣሪያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አይጠበቅም። የግፊት መለኪያና የልብስ ሰፊ ሜትር ግን በየትም አለ። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ማየት ለማንም የሚቻል ቀላል ፈተና ነው። አቅም ያለው የኮሌስትሮል ምርመራ ዳይት ከመጀመሩ በፊትና ከጥቂት ወራት በኋላ ያድርግ። የግፊት ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ እህል በድንገት ሲያቆም ግፊቱና ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወድቅ ስለሚችል፣ የመድኃኒቱ መጠን እንዲስተካከል ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም።

የቀረው የመንግሥትና የገበያ ሥራ ነው። የረጋ ስብና የጨው መጠን በዘይት ጀሪካንና በታሸገ ምግብ ላይ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ጎልቶ ይጻፍ። ለፓልም ይደረግ የነበረው ድጋፍ ወደ ኑግ አምራቹና ጨማቂው ይዙር። የሰሜን ሸዋ የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶችም ማሾን ለላኪ ከማዘጋጀት አልፈው፣ ከተማሪዎች ምገባ ጀምሮ በሆስፒታል ወጥ ቤትና በየሆቴሉ የጾም በያይነቱ ላይ እንዲገባ ቢሠሩ፣ የአካባቢው ምርት ለአካባቢው ሰው ደም ሥር የሚያስገኘው ጥቅም በላኪው ደረሰኝ ላይ ከሚጻፈው ገንዘብ ጋር አብሮ ሊቆጠር ይችላል።